ለጋሽ ይማም ምን ይሰጣል?

ጡረታ ልወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ከአስተዳደር ክፍል አንዲት ልጅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ጋሼ ተፈራ፣ ሳይደብቁ ይንገሩኝ፤ የግድግዳ ሰዓት ይሻልዎታል ወይስ ጋቢ?» አለችኝ። ጋቢ አልኳት። ጻፈችና ሄደች። ጋቢው መልካም ጋቢ ነው፤ አሁንም ለብሼው ነው የምጽፈው። ጥያቄዋ ግን ጋሽ ይማምን አስታወሰኝ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ስጦታ እንድመርጥ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ታዝዣለሁ፤ እንደዚያ ያስጨነቀኝ ግን ጥቂት ነው። ለምን እንዳስጨነቀኝ ለመናገር ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

ሥራዬ ከብት መከተብ ነበር። አብዮቱ ከመጣ ብዙም ሳይቆይ ከትምህርት ቤት ወጥቼ፣ ደሴ ላይ ስድስት ወር ሠልጥኜ፣ ሐይቅ ከተማ ዳር ባለች አነስተኛ የእንስሳት ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ጣቢያ ማለት ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት፣ በላምባ የሚሠራ አንድ ማቀዝቀዣ፣ ዳሚት የምትባል ዳማ በቅሎ እና ጋሽ ይማም ማለት ነበር። ሹመኞቹ ደሴ ናቸው፤ እኛ ዘንድ የሚመጡት ለስብሰባ ነው።

እኔ የዚያው የሐይቅ ልጅ ነኝ። አባቴ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚያገለግሉ መሪጌታ ነበሩና እንደሳቸው ዜማ እንድማር ነበር ምኞታቸው። ጋሽ ይማም ይህን ያውቁ ኖሯል። በመጀመሪያው ቀን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «የመሪጌታው ልጅ ነህ አይደል? እንግዲያ ቃል መያዝ ለምደሃል። እኔ የማስይዝህ ቃል አጭር ነው። መድኃኒቱን ይብረደው፣ አንተን ይሙቅህ» አሉኝ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው ቀድሞ የሸበተ ሰው ነበሩ። ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ በዚሁ ሥራ ላይ ናቸው። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር እስከ አምባሰል ቆላ ድረስ የማያውቁት በረት የለም።

ያን ጊዜ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገና ከአገራችን አልጠፋም። ደስታ ስሙ ብቻ ነው፤ የገባበት በረት ባዶውን ይቀራል። ክትባቱ ደርቆ በብልቃጥ ይመጣል፤ ሙቀት ካገኘው ግን ኃይሉን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ብትወጋ ይሻላል፣ ውሃ ቢያንስ አያታልልም። ስለዚህ የሥራችን ግማሹ መርፌ መያዝ ሳይሆን ብርድ መጠበቅ ነበር። የማቀዝቀዣውን የላምባ ክር ጠዋት ጠዋት በመቀስ እኩል የሚከረክሙት ጋሽ ይማም ራሳቸው ናቸው። ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ ጥቀርሻ ያበዛል፤ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ወደ ገጠር ስንወጣ የበረዶውን ሣጥን በጭድ ከበው፣ እርጥብ ጆንያ አልብሰው፣ ዳሚት ላይ ይጭኑታል። በየምንጩ ጆንያውን ይነክራሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፤ ሊቀመንበር ቢጠራ ሚኒስትር ቢጠራ ከዚያ ጥላ የሚያስነሳቸው የለም።

መርፌውንም በየጊዜው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ይጎትቱታል። ጥፍሩን ከቧጠጠ ጫፉ ታጥፏል ማለት ነውና ከኪሳቸው ለስላሳ ድንጋይ አውጥተው ይስሉታል። ከብት ከመንካታቸው በፊት ደግሞ ባለቤቱን ይጠይቃሉ። ልጅህ ሻለው? ያቺ የታመመችው እህትህ እንዴት ሆነች? ዝናቡስ? ከኋላ ሰልፉ ሲረዝም እኔ እቁነጠነጥ ነበር።

«ጋሼ፣ እየመሸብን ነው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ከብት የባለቤቱን ልብ ይሰማል» አሉኝ። «ሰውየው ከረጋ በሬው ይረጋል፤ በሬው ከረጋ መርፌው አይሰበርም። እንግዲህ የትኛው ነው የሚያስመሸው?»

በሁለተኛው ዓመት፣ ከውጫሌ በታች ወዳለው ቆላ የምንወርድበት ቀን ሲደርስ ጋሽ ይማምን ወባ ጣላቸው። አልጋቸው ላይ ሆነው፣ «ብቻህን ትችላለህ» አሉኝ። «በጥላ እረፍ፤ ጆንያውን እንዳትረሳ።» ዳሚትን ጭኜ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ቀን እንደታዘዝኩት ሄጄ ውጫሌ አደርኩ። በማግስቱ ግን ቁልቁለቱ ቀለለኝ፤ ቶሎ ደርሼ ማረፍ አማረኝ። ፀሐይዋ ስትበረታ ጥላ አልገባሁም። ምንጩ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ይላል፤ ዳሚት ለምዳው በራሷ ወደዚያ ስትታጠፍ በገመዷ ጎትቼ መለስኳት። ስደርስ ጆንያው ደርቆ እንደ ቆዳ ይንኮሻኮሽ ነበር።

ጠዋት ሣጥኑን ስከፍት በረዶው ሁሉ ውሃ ሆኗል። እጄን ብሰድ ውሃው ለብ ብሏል። ሜዳው ደግሞ በከብት ሞልቷል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አጠገቤ ቆሞ፣ «ሕዝቡ ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሳው። ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አፈርኩ። የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ፤ ብቻዬን ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ዶክተር ይለኛል። ብልቃጡን በጥብጬ ከተብኩ። እስከ ማታ ከተብኩ። ሪፖርቴም ላይ በረዶው እንዳልቀለጠ አድርጌ ጻፍኩ።

ከሦስት ወር በኋላ ደስታ እዚያ ቆላ መግባቱ ተሰማ። የተከተቡት ከብቶችም ካልተከተቡት እኩል ይሞታሉ አሉ።

ወሬው በመጣ ዕለት ጋሽ ይማም ማቀዝቀዣው ዘንድ ቁጭ ብለው ክር ይከረክሙ ነበር። ሪፖርቴ ጭናቸው ላይ ነው።

«በረዶው ነበረ?» አሉኝ።

«ነበረ።»

ክሩን ጨረሱ፤ ለኩሰው ነበልባሉን አዩ። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ «ተፈራ፣ በረዶው ነበረ?» አሉ።

«አልነበረም፣ ጋሼ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ነገ እንወርዳለን» ብቻ ነው ያሉት።

በዚያ ሰፈር ከሁሉ የተጎዳው እንድሪስ የሚባል ገበሬ ነበር። ሁለቱም የእርሻ በሬዎቹ ሞተውበታል። ስንደርስ ቀንበሩን ከደጅ አንስቶ ቤት ውስጥ ሊሰቅል ተሸክሞት አገኘነው። ጋሽ ይማም እንደ ልማዳቸው ሰላምታውንና የቤተሰቡን ጤና ጠየቁ። ከዚያ፣ «ይህ ልጅ የሚነግርህ አለ» አሉት።

ነገርኩት። ጆንያውን አለመንከሬን፣ በረዶው መቅለጡን፣ እያወቅኩ መከተቤን። እንድሪስ ቀንበሩን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

«ያን ቀን ብትነግረኝ ከብቴን መልሼ እነዳ ነበር» አለ። «ከእግሬ ድካም በቀር ምን ይጎድልብኝ ነበር?»

ወደ ባዶው በረት እጁን ጠቆመ።

«በሽታው ሲወራ ሰው ሁሉ ከብቱን ወደ ደጋ ሲያወጣ እኔ ቁጭ ያልኩት ተከትበዋል ብዬ ነው። ወላሂ፣ ባይከተቡ ኖሮ ይዣቸው ወጥቼ ነበር።»

«አላህ ይተካልህ» አሉ ጋሽ ይማም።

«አሚን» አለ። ወደኔ ግን አላየም።

ሐይቅ እንደተመለስን ጋሽ ይማም ወረቀት አቀረቡልኝና የሆነውን ሁሉ በእጄ እንድጽፍ አደረጉ። ከሥሩ እሳቸውም ብቻዬን የላኩኝ እሳቸው መሆናቸውን ጽፈው ፈረሙ። ለሁለታችንም ማስጠንቀቂያ መጣ፤ የደመወዝ እርከኔም ታገደ። እሱ ቀላሉ ነው። የአረም ወቅት ሲደርስ ጋሽ ይማም የዓመት ፈቃዳቸውን ጠየቁ። እኔም እንድጠይቅ ነገሩኝ። የት ልንሄድ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ጎረቤቶቹ ለእንድሪስ በወንፈል አርሰውለት ነበርና እኛ ማሽላውን ስናርም ሰነበትን። በአምስተኛው ቀን፣ ለእረፍት ስንቀመጥ፣ እንድሪስ ከቁናው እፍኝ ንፍሮ ዘገነና ወደኔ ዘረጋ። «እንካ፣ ተፈራ» አለኝ። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። ጋሽ ይማም ከዚያ በኋላ ያን ነገር አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም፤ በንዴት ጊዜ እንኳ።

ዓመታት አለፉ። አለቆች ተቀያየሩ። ስብሰባ በዛ፤ መፈክር ጮኸን፤ ወደ ሥራችን ተመለስን። ሰባ ሰባትም መጣ። ስንት ዘመን ከበሽታ የጠበቅናቸውን ከብቶች ረሃብ ወሰዳቸው፤ ከከብቱም አልፎ የባለቤቶቹን ለቅሶ አየን። ስለዚያ ዓመት ብዙ መጻፍ አልችልም። ጋሽ ይማም በዚያ ወራት ከሥራ ሲመለሱ ሐይቁ ዳር ወርደው ለዳሚት ሣር በማጭድ ያጭዱ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። የመንግሥት በቅሎ ናት፤ ለቀለቧ የተመደበ ነገር ግን ከመጣ ሰንብቶ ነበር።

ድርቁ ካለፈ በኋላ የጋሽ ይማም ጡረታ ደረሰ። ዕድሜያቸው ሞልቷል፤ ቀኝ ጉልበታቸውም አልታዘዝ ብሏል። በዚያን ጊዜ ጣቢያው ሠራተኛ ጨምሮ ነበር፤ ኃላፊው አቶ ብርሃኑ የሚባሉ፣ ከሌላ አውራጃ ተዛውረው የመጡ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። እኔንና የንብረት ክፍሏን አልማዝን አስጠርተው፣ «ስጦታውን እናንተ አዘጋጁ። እንደተለመደው የግድግዳ ሰዓት ይሁን፤ የምስክር ወረቀቱን እኔ አጽፋለሁ» አሉን።

«ትንሽ ቀን ይስጡኝና ላስብበት» አልኳቸው።

«ሰዓት ምን ማሰብ ይፈልጋል?»

«ጋሽ ይማም ሰዓት አይተው አያውቁም፤ ጥላ አይተው ነው የሚሄዱት» አልኩ። አልማዝ ሳቀች። አቶ ብርሃኑም ፈገግ አሉና አንድ ሳምንት ሰጡኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት መርፌያቸውን ነበር። ሃያ ዓመት የያዙት፣ እጀታው በመዳፋቸው የለሰለሰ የብረት መርፌ ነው። አርጅቶ ከአገልግሎት ሊወጣ ስለሆነ በደብዳቤ ላገኘው እችላለሁ፤ በጥሩ ሣጥን አድርጌ ስሰጣቸው ታየኝ። በሐሳቤ ኮርቼ፣ ምክር የምጠይቅ መስዬ፣ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ይማም አልነበሩም። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ እህል እየለቀሙ ነበር።

«መርፌ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጄ፣ መድኃኒት ለሌለው ሰው መርፌ ምን ይሆነዋል? ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲያየው ይውል?»

ሐሳቤ እንዴት ባዶ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። መርፌው ለኔ ትዝታ ነበር እንጂ ለእሳቸው ስጦታ አልነበረም።

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ እትዬ?»

«እኔንጃ። ከአርዲቦ በላይ አባቱ ቀዬ ልንገባ ነው። ገበያው ሩቅ፣ ውሃው ሩቅ፣ ጉልበቱ እንዲህ ሆኖ። ስለሱ ግን አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም።» እህሉን አንገዋለሉ። «የሚያነሳው ስለዚያች በቅሎ ነው። ትናንትም ለብቻው ‘ለድንጋይ ይገዟታል’ ሲል ሰማሁት። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።»

እኔም አልገባኝም። ማለዳ አልማዝ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኳት። መሳቢያዋን ከፍታ የሚወገዱ ንብረቶችን ዝርዝር ሰጠችኝ። የተሰበረ ወንበር፣ ያረጀ መርፌ፣ የተቀደደ ድንኳን፣ ቀጥሎም፦ በቅሎ፣ ሴት፣ ዳማ። ለጣቢያችን ሞተር ብስክሌት ሊመጣ ስለሆነ ዳሚት በጨረታ ልትሸጥ ነው። ጋሽ ይማም ቀድመው ያውቃሉ፤ ለማንም ግን አልተናገሩም።

«አልማዝ፣ ይቺን ለእሳቸው መስጠት አይቻልም?»

«የመንግሥት ንብረት በስጦታ አይወጣም። ሁለታችንም እንታሰራለን።» ትንሽ አሰበች። «መግዛት ግን ይቻላል። ጨረታው ለሁሉም ክፍት ነው።»

አቶ ብርሃኑ መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። «ለጡረተኛ አሮጌ በቅሎ ሰጠ እንድባል ነው?» አሉ። የእትዬ ዘሀራን ንግግር ነገርኳቸው። እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛ ላይ እያንከባለሉ ቆዩና፣ «ሁሉም ነገር በደረሰኝ ይሁን። ካልሆነላችሁ ግን ሰዓቱ ይገዛል» አሉ። ከሁላችን ተዋጣ፤ ከሁላችን አብልጠው ያዋጡት እሳቸው ነበሩ።

ጨረታው የዋለው በገበያ ቀን፣ ከጣቢያው ደጅ ነው። ለዳሚት ሦስት ሰው ቀረበ። አንደኛው ዋጋውን ሲሰማ ሄደ። የቀረነው እኔና አንድ የግንባታ ድንጋይ በበቅሎ የሚያስጭን ነጋዴ ነን። ሰውየው ገንዘብ አለው፤ ከኔ በላይ ሁለት ጊዜ ጨመረ። የያዝነው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር ነጋዴው ጨረታውን አስቁሞ ወደኔ ዞረ።

«አንተ የከብት ሐኪም አይደለህ? በላቧ ኖረሃል። እውነቱን ንገረኝ፤ ይቺ በቅሎ ደኅና ናት?»

በአፌ ብዙ ነገር መጣ። ሳንባዋ ታሟል ብዬ ብነግረው በዚያው ትቷት ይሄዳል። የሚያውቅብኝም የለም። አልማዝ መዝገቧን ይዛ ታየኛለች።

«አልታመመችም» አልኩት። «ቀላል ጭነት ከሆነ ብዙ ዓመት ትሠራለች። ድንጋይ ከሆነ ግን ዓመት አትሞላም። እኔም ልገዛት ነው የምፈልገው፤ ስለዚህ ቃሌን አትመን። ና፣ እጅህን ስጠኝ።» የፊት እግሯን አንስቼ ጣቱን መገጣጠሚያዋ ላይ አኖርኩት። አጥንቱ ያበጠበትን ቦታ ዳበሰ። ሌላኛውንም እግሯን ዳበሰ።

«ቁልቁለት ነው የሠራት» አለ።

«አምባሰል ስትወርድ ስትወጣ ኖራ።»

እጁን በሱሪው ጠረገና ወደ አልማዝ ዞሮ፣ «ለሱ ጻፊለት፤ ለኔ አትሆንም» አለ። ስለ ጋሽ ይማም አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩትም። ወደ ገበያው ሄደ።

የስንብቱ ዕለት ንግግር ተደረገ። ጋሽ ይማም ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጭነው፣ የግድግዳ ሰዓቱን ይጠብቃሉ። አቶ ብርሃኑ የምስክር ወረቀቱን ሰጧቸውና፣ «ስጦታው ደጅ ነው፤ ቤት አልገባ ብሎን ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ተከትሎ ወጣ።

ዳሚት ከዛፉ ሥር ታስራለች። ጋሽ ይማም በሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ እያነከሱ ሄደው የፊት እግሯን አነሱና ኮቴዋን አዩ።

«ይህን ማን ነው የከረከመው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አጣመኸዋል።» እግሯን አስቀምጠው ቀና አሉ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በደረሰኝ ነው?» አሉኝ።

አልማዝ ደረሰኙን ሰጠቻቸው። አጣጥፈው ከምስክር ወረቀቱ ጋር ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «አላህ ውለታችሁን ይክፈል» አሉ። ሌላ ንግግር አላደረጉም።

በሦስተኛው ቀን ከእትዬ ዘሀራ ጋር ዕቃቸውን ጭነው ወደ አባታቸው ቀዬ ሲሄዱ ሸኘኋቸው። ዕቃ ብዙ አልነበረም፤ የወንድማቸው ልጆች አብዛኛውን ቀድመው ወስደዋል። በሜዳው ሦስታችንም በእግር ሄድን። አርዲቦ ከሩቅ ሲታይና አቀበቱ ሲጀምር የጋሽ ይማም ጉልበት ያዛቸው።

«ይውጡባት እንጂ፣ ጋሼ» አልኩ። «ለዚህ ብለን አይደል?»

«ሰው ተሸክማ አታውቅም። መጀመሪያ በቀላል ሰው ትልመድ።» ወደ እትዬ ዘሀራ ዞሩ። «ነይ፣ ውጪ።»

«እኔ?»

«ታዲያ መሪጌታውን ልጥራ?»

እትዬ ዘሀራ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እየሳቁ እንደሆነ ትከሻቸው ያስታውቃል። «ስንት ዓመት ከሷ ጋር አገር ስትዞር እኔ ደጅ ደጅ ሳይ ኖርኩ» አሉ። «ዛሬ እኔን ልታዞር ነው?»

«እንግዲህ ዘግይቻለሁ» አሉ ጋሽ ይማም።

እጄን እርካብ አድርጌ አወጣኋቸው። ዳሚት ጆሮዋን ወደ ኋላ አድርጋ ትንሽ ቆመች፤ ጋሽ ይማም አንገቷን እየዳበሱ አንድ ነገር ሹክ አሏትና ተራመደች። እሳቸው የኮርቻውን ጠርዝ በግራ እጃቸው ይዘው፣ ክብደታቸውን በከፊል በሷ ላይ ጥለው፣ ጎን ለጎን አቀበቱን ጀመሩ። እትዬ ዘሀራ ከላይ ሆነው ሐይቁን እያሳዩ ይነግሯቸዋል፤ እሳቸው «እህ» ይላሉ። ከጠመዝማዛው እስኪሰወሩ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ወደ ሐይቅ ከተማ ወረድኩ፤ ለማግስቱ ውጫሌ ክትባት ነበረን፤ በረዶውም ገና አልተዘጋጀም።